ቱንቢውን የሚስበው

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከቀኑ 6፡45። ላብራቶሪ።

በሩን ቆልፌያለሁ። የዘጠነኛ «ቢ» የጭቃ ፕላኔቶች መስኮቱ ሥር እየደረቁ ነው። ጁፒተር ተሰንጥቋል። ምሳዬን አልነካሁትም።

የኬሚካል ቁምሳጥኑን ከፍቼ ስልኩን አወጣሁ። አባዬ ትናንት ማታ ድምፅ ልኳል፤ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ዘይቱኑ ፍሬ ይዟል ይላል። እዚህ ብርዱ ገብቷል፣ አንተ ጋ ሙቀት ነው፣ ታድለህ ይላል። ጻፍኩለት፦ ደህና ነኝ አባዬ፣ ዘይቱኑን ለምሕረት ብቻ እንዳትሰጣት፣ ሙልጭ አድርጋ ነው የምትበላው። ላክሁ። አጠፋሁ።

ምሕረት እኔ ነኝ።

አሮጌው ደብተር ስላለቀ አንተን ጀመርኩ፤ ስለዚህ አታውቅም። አንዴ ልንገርህና ይውጣልኝ። ወንድሜ ናሆም ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። አባታችን አያውቅም። ሚያዝያ ላይ አባዬ የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረገ በማግሥቱ፣ ናሆም ከአፋር በረሃ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ሲመለስ መኪናቸው ተገለበጠ። የተደወለልኝ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ሐኪሙ አባትሽ እንዳይደነግጥ፣ ልቡ አይችልም ካለኝ አሥር ደቂቃ አልሞላም ነበር። ገባሁ። አባዬ ናሆም ደወለ ወይ አለኝ። ኔትወርክ የለም አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተገነባው። ድንኳኑ ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ተተከለ፣ አርባውም ሰማንያውም እዚያ ወጣ። መርዶው ሲያገግም ይነገረው ተባለ። ሲያገግም፣ ክረምት ነው፣ ብርድ ይጎዳዋል ተባለ። ክረምቱ ሲወጣ ዓመት በዓል፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። ከዚያ መስቀል። አሁን ኅዳር ገባ።

ጥቁር የምለብሰው ት/ቤት ነው። ከቤት በሰማያዊ ቀሚስ እወጣለሁ፣ እዚህ እቀይራለሁ፣ 9፡30 ላይ መልሼ ሰማያዊውን። ጥቁሩና የናሆም ስልክ የሚያድሩት ከአሲድ ጠርሙሶቹ አጠገብ ነው። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ደወል። ሰባተኛ ክ/ጊዜ፣ ስበት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከምሽቱ 1፡10። ቤት።

እራት ላይ አባዬ እንደ ሁልጊዜው፣ ዛሬ ምን አስተማርሽ አለ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ዜና አይሰማም፤ የእኔን ክፍል ነው የሚከታተለው። ከተማሪዎቼ ሁሉ የቤት ሥራ የማይረሳ እሱ ብቻ ነው።

ነገርኩት። ፕላኔት ለምን ድቡልቡል ይሆናል። ትልቅ አካል ራሱን በራሱ ይስባል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ መሃል መውደቅ ነው የሚፈልገው። የወጣው ይወርዳል፣ የጎደጎደው ይሞላል፣ ሁሉም ከመሃሉ እኩል እስኪርቅ። ትንሽ ከሆነ ግን ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለውም። ድንጋዩ እምቢ ይለዋል፣ ጉድጓዱ እንደተጎደጎደ ይቀራል፣ ድንች መስሎ ይዞራል። ፎቦስ የምትባለዋን የማርስ ጨረቃ ሥዕል በስልኬ አሳየሁት። ሳቀ። ሕመም ላይ ሆኜ እኔን መስላለች አለ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቱንቢ አስወረደኝ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ቀያሽ ነበር፤ ግማሽ አገር በእግሩ ለክቷል። ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ጫፉ ላይ ያለውን ናስ አንጠለጠለው። ቱንቢ አይዋሽም ይላሉ፣ አለ፤ ግን ትልቅ ተራራ ሥር ከቆምሽ ተራራው ይስበዋል፣ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የሚያዘነብለው ከፀጉር የሳሳ ነው። ዓይን አያየውም፣ ሒሳብ ላይ ግን ይመጣል። ስለዚህ ቀያሽ ቁጥሩ እምቢ ሲለው መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፤ ምን ትልቅ ነገር አለ እዚህ ይላል።

ናሱ እስኪቆም አብረን አየነው። ናሆም ትንሽ ሆኖ በዚህ ቱንቢ አልጋ ሥር ዓሣ ያጠምድ ነበር። ሁለታችንም አላነሳነውም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4። 6፡50። ላብ.።

ዛሬ ፈራሁ።

አባዬ ትናንት፣ ምግብ እንዴት ነው ብሎ ድምፅ ልኮ ነበር። መልሱን ሳላስብ ጻፍኩ፦ ትናንት ፍየል ድንኳን ገብታ የሠራተኛውን ምሳ ከነፌስታሉ በላችው፣ ፎርማናችን ፍየሏን ፖሊስ ጋ ልክሰሳት ብሎ አሳቀን። ላክሁ። ከዚያ እጄን አየሁት። ይህን ፍየል ከየት አመጣሁት? ናሆም ነግሮኝ አያውቅም። ወደ ላይ ወደ ላይ እየሳብኩ የድሮ መልእክቶቹን ሁሉ አነበብኩ፤ ፍየል የለም። ግን የእሱ ወሬ ነው። የእሱ አሳሳቅ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ አንዷን መስመር ለመጻፍ ምሳ ሰዓቴ ሙሉ ያልቅ ነበር። ስልኩን ገና ሳልከፍተው ምን እንደሚል የማውቀው ከመቼ ጀምሮ ነው? አንዳንዴ የምጽፈው እኔ አይመስለኝም፣ ጣቴ ራሱ ነው የሚሄደው። ሰባት ወር ሙሉ በቀን አምስት ደቂቃ ወንድሜ እየሆንኩ ነው። አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ደግሞ በየቀኑ እንደ አዲስ ይሞታል። ስልኩን ሳጠፋው መስታወቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ፊቴ ላይ ያርፋል።

ጠዋት ጨረቃን አስተማርኩ። የምድር ስበት ለብዙ ዘመን ይዞ ይዞ አዙሪቷን አዘገየው፤ አሁን አንድ ፊቷን ብቻ ነው የምናየው። አንዷ ተማሪ፣ ጀርባዋ ጨለማ ነው ወይ አለች። አይደለም አልኩ፣ ፀሐይ እዚያም ይወጣል፤ እኛ ብቻ ነን የማናየው። ይህን እያልኩ ድምፄ ተሰበረ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው። ውሸት ለምዶብኛል፣ ምላሴን እንኳ አያደናቅፈኝም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት በኋላ። ቤት።

ልብስ አጠብኩ። ከላይ ሰገነት ሆኜ አባዬን አያለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ፀሐይ ሙቅ ስላለው።

እኛ ሰፈር፣ ሲኤምሲ፣ ሰዉ ለሰላምታ ብዙም አይቆምም፤ የእኛ መንገድ ግን ዕድርተኛ ነው፣ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ሁሉም ሃያ ሁለት ለቅሶ ደርሰዋል። ሁሉም ያውቃሉ። እትዬ ሙሉ፣ ጎረቤታችን፣ ዳቦ ይዘው ከሱቅ እየመጡ ነው። የእኛ በር ጋ ሊደርሱ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ኮብልስቶኑን ተሻገሩ፤ በዚያኛው ጥግ አልፈው ተመልሰው ወደዚህ ተሻገሩ። የእሳቸው ቤት በእኛ በኩል ነው። እንዴት ዋሉ ጋሼ ብለው ከማዶ እጃቸውን አነሱ። ክፋት የለባቸውም። ቀርበው ቢቆሙ ናሆም እንዴት ነው ይላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ እንባቸው ቅርብ ነው። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰው እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሌላ።

አባዬ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ አስፋልት ይቀይስ በነበረበት ዓይን ያያቸዋል።

ሻይ ሳወርድለት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ይህ ልጅ ቅዳሜና እሑድ መልስ አይሰጥም፣ ለምንድን ነው። የሥራ ሳይቱ ሰንበት ላይ ይዘጋል አልኩ። እህ አለ። ሁለተኛው፣ ለገና ሄጄ አየዋለሁ። ሐኪሙ መንገድ ትችላለህ ብሎኛል፤ ሳይቱ የት ላይ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ሻዩን ቀዳሁለት። እሺ አባዬ አልኩ።

ደብተሬ፣ አንተ መልስ አትሰጥም እንጂ ብትሰጥ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ቢሄድ በረሃው ውስጥ ማንን ያገኛል? ቢነገረው፣ ያ የተሰፋ ልብ ይችላል? እናታችንን ልጅ ሆነን ነው ያጣናት። እሱንም ካጣሁ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ወይ በዝምታዬ ወይ በአፌ።


ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከምሽቱ 12፡30።

ከት/ቤት ወደ ሃያ ሁለት። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ካፌ ጠብቆኝ ነበር፤ የአባዬ ታናሽ። የገናውን ጉዞ ነገርኩት። ማኪያቶው ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ።

በቃ አለ። ጾሙ ሳይገባ፣ እሑድ ኅዳር 14፣ ንጋት 11 ሰዓት። የአባዬ ነፍስ አባት፣ አጎቴ፣ ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌ፣ ነርስ የሆነች የአክስት ልጅ ከነመድኃኒቷ። ሴቶቹ ውጭ ይቆማሉ፣ እስኪጠሩ ድምፅ አያሰሙም። የእኔ ሥራ አንድ ናት፤ የግቢውን በር ከውስጥ ከፍቼ መጠበቅ። ወግ ነው፣ ሰው መርዶ ብቻውን አይረዳም፣ ሰው ብቻውንም አያረዳም አለኝ። ልክ ነው። ወጉ የተሠራው ለሰው ልጅ ነው፤ የሚወድቀውን ብዙ እጅ እንዲይዘው። እኔ ነኝ ሰባት ወር ያቆየሁት።

ሰባት ወር ምን ስትዪኝ ኖርሽ ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ አለኝ ደግሞ። ክፉ አስቦ አይደለም።

ዛሬ የሳተርን ቀለበት ነበር ትምህርቱ። ጨረቃ ከፕላኔቷ ከልክ በላይ ከቀረበች ቅርቡ ጎኗና ሩቁ ጎኗ እኩል አይሳብም። ቅርቡ ይበልጥ ይጎተታል፣ ትለጠጣለች፣ አንድ ወሰን አለ፣ ያንን ካለፈች ትበጣጠሳለች። ቀለበቱም እንዲህ ካለ ስብርባሪ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ያ ወሰን በሒሳብ ይገኛል፤ ሰሌዳው ላይ አወጣሁት። የአባዬን ወሰን የሚያወጣ ቀመር ግን ማንም አላስተማረኝም። ምን ያህል ቀረብ ብለው ቢነግሩት ነው የሚሰበረው?

አምስት ቀን ከግማሽ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከምሽቱ 2፡00።

ኔፕቱን። አባዬ ዛሬ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

እንዲህ ነው። ኔፕቱንን በመሣሪያ ከማየታቸው በፊት በወረቀት ነው ያገኙት። ዩራኑስ ቀድማ ትታወቅ ነበር፤ አካሄዷ ግን ከሒሳቡ ጋር እምቢ አለ። አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች፣ ከመስመሯ ትንሽ ትወጣለች። ስለዚህ የማይታይ ነገር ከወዲያ እየሳባት ነው አሉ፣ የት እንዳለ አሰሉ፣ ወደዚያ ቢያዩ ተገኘ።

አባዬ እንጀራውን ተወው። ስለዚህ ያላዩትን ነገር ያወቁት በጎረቤቱ አካሄድ ነው አለ። አዎ አልኩ። ጎረቤቱ ለምን መንገዱን እንደሚያጠማዝዝ አይናገርም አለ። ፕላኔት ምን ይናገራል አባዬ አልኩት። አይናገርም አለ፤ ግን ያጠማዝዛል። ደግሞስ፣ ጊዜውን ይቆጥሩ ነበር ወይ? በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምታልፍ? ይቆጥራሉ እንጂ አልኩት፣ ዋናው እሱ ነው፤ ሰዓቱ ከተያዘ ሌላው ይከተላል።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። ሲያገኙት ደስ አላቸው ወይ አለ።

ይመስለኛል አልኩ።

ተነሥቶ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈ። ልጅ ሆኜ ነው እንዲህ ያደረገኝ መጨረሻ። ደክሞሻል፣ ግቢና ተኚ አለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ለቀቅሁት፤ እንዳይሰማኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። 7፡05። ላብ.።

እጄ አይጽፍልኝም። ቀስ ብዬ።

ሚካኤል ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ፕላኔቶቹ ላይ ተኝቷል። 6፡40 ላይ ስልኩን ከፈትኩ። ከአባዬ ድምፅ። ሁልጊዜ ማታ ነው የሚልከው፤ ይህ ዛሬ ጠዋት 4፡05 የተላከ ነው፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

«ናሆሜ፣ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

አቆምኩት። ወንበሩ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና ከፈትኩት።

ከነሐሴ ጀምሮ ያውቃል። መጀመሪያ መንገዱ ነው ይላል። ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ ሰዉ ሁሉ እኔ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ የቀየስኩት እኔ ነኝ፣ የሚያስጠመዝዝ ነገር የለውም። ከዚያ ኔትወርክህ። ይህ ምን ዓይነት በረሃ ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ኔትወርክ ያለው? ቀኑን በካላንደር ጀርባ ስጽፍ ከረምኩ። ክረምት ላይ ምሕረት የማጠናከሪያ ትምህርት ይዛ ክፍለ ጊዜዋ ወደ ጠዋት ሲዞር ያንተም ኔትወርክ አብሯት ወደ ጠዋት ዞረ። ያን ቀን ካላንደሩን ዘጋሁት።

ይህ ነው ስህተቴ። ፍየል ፈጠርኩ፣ ፎርማን ፈጠርኩ፣ በረሃ ፈጠርኩ። ሰዓቴን ግን መደበቅ አላሰብኩም። ለቀያሽ!

ቀጥሎ ያለው ይከብዳል። ልቡ እንዳልቆመ እሱም ገርሞታል። የሚያለቅሰው ጠዋት ነው፣ እኔ ት/ቤት ስሄድ፤ ስመጣ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ ማታ ውኃ ለቅቄ። በአንድ ቤት በፈረቃ ስናለቅስ ከርመናል። ለምን እንዳልነገረኝ ይናገራል፦ ይህን ሸክም የተሸከመችው ለእኔ ብላ ነው፤ አውቄያለሁ ብላት በከንቱ ተሸከምኩት ብላ ትሰበራለች፤ ራሷ እስክታወርደው ልጠብቅ ብዬ። የገናውን ጉዞ ያነሳው ለዚህ ነበር። በር ከፈተልኝ፤ እኔ እሺ አባዬ ብዬ ሻይ ቀዳሁ።

ታደሰ ትናንት ደውሎ መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ ወይ አለኝ ይላል። ደውሎ የማያውቅ ሰው። እሑድ ሊመጡ ነው መሰለኝ። ይምጡ። ሲያረዱኝ እንደ አዲስ እደነግጣለሁ፤ ለሰዎቹ ስል፣ እሷንም ሰባት ወር ዋሸች የሚላት እንዳይኖር።

መጨረሻው ይህ ነው፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦

«ናሆሜ፣ ይህን የምትሰማው እህትህ ከሆነች አትቆጣት። ጽሑፉ ደስ ይለኝ ነበር። ፍየሏ አሳቀችኝ። ከእሑድ በፊት ከፈለገች፣ እኔ ቤት ነኝ በላት።»

ከዚያ አሥር ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ ይተነፍሳል። ወንበሩ ይንቋቋል። ያልቃል።


8፡20። ትርፍ ክ/ጊዜ።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ያውቃል አልኩት። ተቆጣ፣ ከዚያ አለቀሰ። ወንድሜን ብቻውን ተውነው አለ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሑድ እንመጣለን፣ እስከዚያ እንዳልሰማሽ ሁኚ አለኝ። ሁለት ቀን ብቻ።

እሑድ በሩን እከፍትላቸዋለሁ። ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ሴቶቹም ድምፃቸውን ያውጡ፤ ናሆም በራሱ ቤት ለቅሶ ይገባዋል። እስከዚያ ግን እንዳልሰማሁ አልሆንም። ሁለት ቀን አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ እሱ እያወቀ፣ እኔ ማወቁን እያወቅሁ፣ ምን አስተማርሽ፣ ይህን አስተማርኩ። አልችልም። እሱ ደግሞ ያን የተሰፋ ደረቱን ይዞ ለእኔ ስም ሲል እንዲደነግጥ አላደርገውም።

በናሆም ስልክ የመጨረሻ መልስ ልጽፍ ብዬ ከፈትኩት። ጣቴ ቆሞ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚል አላውቅም። ቢጠሩት የማይሰማ፣ የሞተ ወንድሜ ነው። አሁን ነው የሞተብኝ።

ሰማያዊው ቀሚስ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይቀራል።


10፡10። ሰፈር።

ጥግ ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ታክሲ ውስጥ ማንም አላየኝም፤ ጥቁር የለበሰ ሰው በከተማው ሙሉ ነው። እዚህ ግን ባለሱቁ አየኝ፤ ቀሚሴን አየ፣ ወደ አባዬ አየ፣ ሚዛኑን ይዞ ቀረ። እትዬ ሙሉ ከበራቸው ብቅ አሉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አትሂጂ የሚሉኝ መሰለኝ፤ አላሉም።

ከዚህ እስከ ወንበሩ መቶ እርምጃ አይሞላም። ልቡ ቢቆምስ? ይህን እያሰብኩ ነው የምሄደው፤ ማሰቤን መተው አልችልም። የናሆም ስልክ እጄ ላይ ነው፣ በርቷል። በአባዬ በኩል ባለው ጥግ ነው የምሄደው፣ አልሻገርም።

ቀና አለ። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየ። ጥቁሩን አየው። እየተነሣ ነው፣ ዱላውን ሳይይዝ፣ ልሂድ ሳይወድቅ።